"የቅጠሉን ስም ብቻ ላክልኝ" ለምትሉኝ፦ የቻይና የዕፅ ህክምና ስንማር የምንማረው ምንድነው

ይሄን ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ዘመድም ጓደኛም የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ አይነት ነው። "እሺ ለጨጓራ የሚሆነው የቻይና ቅጠል የቱ ነው? ለደም ግፊትስ? ስሙን ብቻ ቴክስት አድርግልኝ።" አልፈርድባቸውም፣ እኔም መጀመሪያ ክፍል ስገባ የጠበቅኩት ይሄንኑ ነበር፣ በግራ የበሽታ ስም በቀኝ የቅጠል ስም ያለበት ረጅም ሊስት ይሰጡናል፣ እንሸመድዳለን፣ እንመረቃለን ብዬ። አሁን ሶስተኛ አመቴ ላይ ነኝ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተማሪዎች ክሊኒክ ታካሚ ማየት ጀምሬያለሁ፣ እና እንደዛ አይነት ሊስት እስከዛሬ አልተሰጠንም፣ ሊሰጠንም አይችልም። ለምን እንደማይቻል ላስረዳችሁ። (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ስለ ትምህርቱ ባጭሩ። ቻይና ውስጥ ይሄ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ የአምስት አመት ዲግሪ ነው፣ መንግስት በ1956 ቤጂንግ፣ ሻንግሃይ፣ ጓንግዡ እና ቼንግዱ ላይ ኮሌጆች ከፍቶ ነው በዘመናዊ መልክ የተደራጀው። አሜሪካ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአኩፓንቸር (በመርፌ ከሚሰጠው ህክምና) ጋር ተያይዞ ነው የሚሰጠው፣ ላይሰንሱም በየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ቢያንስ 3,000 ሰአት ትጠይቃለች፣ ከዛ ውስጥ 950ው ክሊኒክ ውስጥ የሚያልፍ ነው። ሰው የማይጠብቀው ነገር፣ አናቶሚም ፓቶሎጂም ፋርማኮሎጂም የላብራቶሪ ውጤት ማንበብም እንማራለን፣ "ይሄ ሰው እኔ ጋ ሳይሆን አሁኑኑ ኢመርጀንሲ መሄድ አለበት" የሚለውን መለየት ያልቻለ ተማሪ ታካሚ አጠገብ አይደርስም። ክሊኒክ ስትገባም መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው፣ ቀጥሎ ትረዳለህ፣ በመጨረሻ ራስህ ትጠይቃለህ ራስህ ፎርሙላ (የዕፆች ቅንብር) ትጽፋለህ፣ ግን ላይሰንስ ያለው ሱፐርቫይዘር አይቶ ካልፈረመበት አንዲት ግራም ከመሳቢያ አትወጣም።

አሁን ወደ ቅጠሉ። አንድ ዕፅ ስንማር ስሙ ትንሹ ነገር ነው። ባህሪው አለ፣ ሙቅ፣ ሞቅ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ቀዝቃዛ እየተባለ። ጣእሙ አለ፣ የሚያቃጥል፣ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ መራራ፣ ጨዋማ። ስንት ግራም እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ፣ ከምን ጋር እንደማይገናኝ አለ። እና ከሁሉም በላይ የተክሉ የትኛው ክፍል ነው፣ በምን ሁኔታ ነው የሚለው።

ሁላችንም የምናውቀውን ዝንጅብል እንውሰድ። እርጥቡ ሸንግ ጂያንግ ይባላል፣ ደረቁ ጋን ጂያንግ፣ እና እነዚህ በትምህርታችን ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው፣ በተለያየ ምድብ ነው የሚጠኑት። እርጥቡ ላብ ያመጣል፣ ማቅለሽለሽ ያስታግሳል፣ ደረቁ ደሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ሆድን ያሞቃል ይባላል። ቀረፋም እንደዛው ነው፣ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው አይነት ልጡ ሮው ጉዪ ነው፣ ለከረመ የውስጥ ብርድ የሚሰጥ፣ የዛው ዛፍ ቀጭን ቅርንጫፍ ግን ጉዪ ጂ ይባላል፣ እሱ ገና ለጀመረ ጉንፋን ነው። ከሁሉም የገረመኝ ደሞ ማ ኋንግ ነው። አረንጓዴው ቀጭን ግንዱ ላብ ያስወጣል፣ ሥሩ ግን ላብ ለማቆም ነው የሚሰጠው፣ አንድ ተክል ሆኖ! ታዲያ "ማ ኋንግ ውሰድ" ብሎ ስሙን ብቻ የላከ ሰው ምን እንዳለ አይታወቅም። ይሄው ማ ኋንግ ኤፌድሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ነው፣ ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ በ1885 ለይቶ ያወጣው፣ ልብን የሚያፋጥን ደም ግፊት የሚጨምር። በባህሉ ለጥቂት ቀን ለጉንፋንና ለአስም የሚሰጥ ሆኖ ሳለ አሜሪካ ውስጥ ለመክሳትና ለጉልበት ተብሎ በየሱቁ በክኒን ተሸጠ፣ ሰው ሞተበት፣ በ2004 ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ኤፌድራ (ማ ኋንግ) ያለበት ሰፕልመንት በሙሉ እንዳይሸጥ ከለከለ። ዕፁ ያው ነው፣ የተወሰደበት ምክንያት፣ መጠንና ጊዜ ነው የተለየው።

ስሞቹ ራሳቸው ደሞ ወጥመድ ናቸው። ባይ ሻው፣ ባይ ዡ፣ ባይ ጅ፣ ሶስቱም በቻይንኛ "ነጭ" ከሚለው ቃል ይጀምራሉ፣ ሶስቱም ነጣ ያሉ ሥሮች ናቸው፣ ስራቸው ግን ለየቅል ነው። ክሊኒክ በገባሁ በሁለተኛው ወር ባይ ዡ መመዘን ሲገባኝ ባይ ጅ መዝኜ ሳህኑ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ሱፐርቫይዘሬ አንድ ስንጥር አንስታ አሸተተችና ምንም ሳትናገር ወደ መሳቢያው መለሰችው። ያን ቀን ታካሚዋ ምንም አልሆነችም፣ እቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም የቤልጂየሙን ታሪክ ክፍል ውስጥ የተማርነው በዛው ሳምንት ነበር።

ይሄን ታሪክ ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራሰልስ ውስጥ ሴቶች ለመክሳት ብለው አንድ ክሊኒክ የሚሰጠውን ክኒን ይወስዱ ነበር፣ የምግብ ፍላጎት ከሚቀንሱ የፈረንጅ መድኃኒቶች ጋር የቻይና ዕፅ የተቀላቀለበት። ክኒኑ ውስጥ መግባት የነበረበት ፋንግ ጂ የሚባል ሥር ነው። የገባው ግን ጓንግ ፋንግ ጂ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው የተጨመረው፣ ተክሉ ግን በዘርም የማይገናኝ ሌላ ተክል ነው፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አለበት። ወጣት ጤነኛ ሴቶች ኩላሊታቸው ደከመ፣ ሀኪሞች በ1993 ጉዳዩን ይፋ አደረጉት፣ በኋላ የተጎጂዎቹ ቁጥር ከ100 አለፈ፣ ብዙዎቹ ዲያሊሲስና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ውስጥ ገቡ፣ ከነሱም ብዙ ሰው ቆይቶ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዘው። ቻይናም ራሷ በ2003 ጓን ሙ ቶንግ የሚባለውን የዚሁ ተክል ዘመድ፣ በ2004 ደሞ ጓንግ ፋንግ ጂን ከመድኃኒት ዝርዝሯ አወጣች። ልብ በሉ፣ "ናቹራል ነው ጉዳት የለውም" የሚለው አባባል እነዛን ሴቶች አላዳናቸውም።

የስም መደባለቅ ችግር አዲስ አይደለም። ሊ ሺዠን የሚባለው ሀኪም በ1500ዎቹ ውስጥ ወደ 27 አመት ያህል የፈጀበት አንድ ትልቅ ስራ ጻፈ፣ 1,892 የመድኃኒት አይነት የተዘረዘረበት፣ ካነሳሱት ምክንያቶች አንዱ ከሱ በፊት የነበሩት መጽሐፎች አንዱን ተክል በሌላ ስም እየጠሩ፣ ሁለቱን አንድ እያደረጉ ሰው ማሳሳታቸው ነው። እሱ በ1593 ሞተ፣ መጽሐፉ የታተመው በ1596 ነው፣ ታትሞ አላየውም። እኛ ዛሬ ከቻይንኛው ስም ጋር የላቲን ስሙን ጭምር እንድናጠና የሚያስገድዱን ለዚህ ነው፣ አሰልቺ ነው ግን ልክ ናቸው።

እሺ፣ ዕፁን በትክክል ለየኸው እንበል። አሁንም አልጨረስክም፣ ምክንያቱም የቻይና ህክምና ዕፅን ብቻውን የሚሰጠው አልፎ አልፎ ነው፣ የሚሰጠው ፎርሙላ ነው። ፎርሙላ ማለት እንደ መንግስት የተዋቀረ ነገር ነው፣ ቃሉም የነሱ ነው፣ ንጉስ አለ፣ ሚኒስትር አለ፣ ረዳት አለ፣ መልእክተኛ አለ። ንጉሱ ዋናውን በሽታ ይገጥማል፣ ሚኒስትሩ ንጉሱን ያጠናክራል፣ ረዳቱ የጎንዮሽ ችግሩን ይይዛል ወይም የንጉሱን ሀይለኝነት ያለዝባል፣ መልእክተኛው ሁሉንም ያስማማል።

ለኔ ነገሩ የበራልኝ ጉዪ ጂ ታንግ ላይ ነው። ዣንግ ዦንግጂንግ የሚባል ሀኪም ከ1,800 አመት በፊት የጻፈው ነው፣ አምስት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ የቀረፋ ቅርንጫፍ፣ ባይ ሻው የሚባለው የፒዮኒ አበባ ሥር፣ እርጥብ ዝንጅብል፣ ዳ ዛው የሚባለው ቀይ ፍሬ (የኛ ቁርቁራ ዘመድ ነው)፣ እና ጋን ፃው የሚባለው ጣፋጭ የሊኮሪስ ሥር። ቀረፋው ወደ ውጪ ይገፋል ላብ ይከፍታል፣ ፒዮኒው ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ ሁለቱ በእኩል መጠን ነው የሚገቡት፣ ሶስት ሶስት ሊያንግ ይላል ጥንታዊው ልኬት፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ 9 ግራም በ9 ግራም እንጽፈዋለን። አንዱ ሲከፍት አንዱ እየያዘ ሰውየው ሳይደክም ትንሽ አልቦ ይሻለዋል ነው ሀሳቡ። አሁን ተመልከቱ፣ አምስቱንም ሳትነካ የፒዮኒውን መጠን ብቻ እጥፍ ብታደርገው፣ ስድስት ሊያንግ፣ ፎርሙላው ስሙ ይቀየራል፣ የጉንፋን መሆኑ ይቀርና ለሆድ ቁርጠት ይሆናል። ፒዮኒውን መልሰህ ቀረፋውን ወደ አምስት ብታሳድገው ደሞ ሶስተኛ ስም፣ ከሆድ ወደ ደረት እየዘለለ ለሚመጣ የመታፈን ስሜት። ያው አምስት ዕፅ ነው! መጠን ብቻ ተቀይሮ ሶስት መድኃኒት። ይሄን ያየሁ ቀን "ለምን በሽታ የትኛው ቅጠል" የሚለው ጥያቄ ከጭንቅላቴ ወጣ።

አወሳሰዱ ራሱ የመድኃኒቱ ክፍል ነው። ዦንግጂንግ መጠኑን ጽፎ ዝም አላለም፣ ጠጥተህ ጥቂት ቆይተህ ትኩስ ቀጭን የሩዝ ገንፎ ጨምርበት፣ ብርድ ልብስ ልበስ፣ ላቡ ወዝ ያህል ይውጣ እንጂ እንደ ውሃ አይፍሰስ፣ በመጀመሪያው ከተሻለህ የቀረውን አትጠጣ ይላል። "ከተሻለህ አቁም" የሚለውን ከዛ ዘመን ሰው ሳነብ ልቤን ነካኝ፣ ከመጨረስ ይልቅ ለታካሚው የሚጨነቅ ሰው ድምፅ ነው።

ይሄን ሁሉ እንዴት ይያዛል ካላችሁ በግጥም ነው። ፎርሙላዎቹ በዜማ የሚባሉ አጫጭር ስንኞች ሆነው ተዘጋጅተዋል፣ ዛሬም ድረስ የታወቀው ስብስብ በ1694 የተጠናቀረ ነው፣ ቻይና ያሉ ተማሪዎች እየተመላለሱ ጮክ ብለው ያነበንቡታል። አብረው የማይሰጡ ዕፆችም እንዲሁ "አስራ ስምንቱ ተቃራኒዎች" ተብለው በስንኝ ናቸው። አባቴ የቆሎ ተማሪ እያለ ዳዊት በቃሉ እንዴት እንደያዘ ሲያጫውተኝ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ይሄ ዘዴ ለኔ እንግዳ አይደለም፣ ጮክ ብዬ ስል ነው የሚገባኝ።

ግን ፎርሙላውን በቃልህ ማወቅም ብቻውን አይበቃም፣ ለማን? ሁለት ሰው ጉንፋን ይዞት መጣ እንበል። ሁለቱንም ያተኩሳቸዋል፣ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። አንዱ ግን ላብ ላብ ይለዋል፣ ነፋስ ሲነካው ይሰቀጥጠዋል፣ የደም ስሩ ምት ላይ ላይ ሆኖ ለስላሳ ነው። ሌላው ጠብታ ላብ የለውም፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ምቱ እንደተወጠረ ገመድ ነው። ለመጀመሪያው ያ ጉዪ ጂ ታንግ ነው። ለሁለተኛው ማ ኋንግ ያለበት ሌላ ፎርሙላ። ብታገላብጠው፣ ቀድሞውኑ የሚያልበው ሰው ላይ ማ ኋንግ ብትጨምርበት ላቡ አላቆም ብሎት ሊደክም ይችላል፣ የዦንግጂንግ መጽሐፍም በግልጽ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ "ለጉንፋን የሚሆነው የቱ ነው" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያልብሃል አያልብህም ብዬ መልሼ ስጠይቀው ይናደዳል፣ ግን መልሱ እዛ ላይ ነው ያለው።

ለዛ ነው ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰአት ሙሉ የምንጠይቀው፣ እንቅልፍ፣ ጥማት፣ ሰገራ፣ የወር አበባ፣ ውሃ ቀዝቃዛ ነው ሙቅ የምትወዱት እያልን። ምላስ እናያለን፣ ቀለሙን ሽፋኑን እርጥበቱን። (ለኛ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፣ ቡና ጠጥታችሁ ከመጣችሁ ምላሳችሁ ላይ ያለው ቢጫና ቡናማ ሽፋን የቡናው ነው፣ ያሳስተናል ማለት ነው፣ ከቀጠሮ በፊት አትጠጡ፣ ምላሳችሁንም በብሩሽ አትፈግፍጉት።) የደም ስር ምት ደሞ በሶስት ጣት ነው፣ በየእጁ አንጓ ላይ ሶስት ቦታ፣ ሊ ሺዠን 27 አይነት ምት ለይቶ ጽፏል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ከሁሉም የከበደኝ ነው፣ ሁለት ተማሪ አንድ እጅ ይዘን የተለያየ ነገር የምንጽፍበት ቀን ብዙ ነው፣ ሱፐርቫይዘሯም ሁለታችንም ሳንጽፍ የራሷን አትነግረንም። በምት ብቻ የሚወስን ሰው ካያችሁ ተጠንቀቁ፣ ጥያቄውም ምላሱም ምቱም የላብራቶሪ ወረቀቱም አብረው ነው መታየት ያለባቸው።

አፈላሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው አቅልሎ የሚያየው እሱን ስለሆነ። በባህሉ በሸክላ ማሰሮ ነው፣ ግማሽ ሰአት ያህል ይዘፈዘፋል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮ ይፈላና ሁለቱ ይቀላቀላል። ግን ሁሉም አንድ ላይ አይገባም። ድንጋይና ዛጎል ነክ ነገር ቀድሞ ይገባል፣ ናና አይነት ሽታ ያለው መጨረሻ ላይ ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ብናኝ ዘር በጨርቅ ታስሮ። ፉ ዙ የሚባለውን ደሞ በቀልድ አታዩትም፣ አኮናይት ነው፣ ጥሬው ልብ የሚያቆም መርዝ አለበት። ሲቹዋን ውስጥ ጂያንግዩ የሚባል አካባቢ ነው በሱ የሚታወቀው፣ ልክ ቡና ሲባል ይርጋጨፌ እንደምንለው። መጀመሪያ እዛው ተዘፍዝፎ ተቀቅሎ ይዘጋጃል፣ ከዛ ታካሚው ቤት ሌሎቹ ከመግባታቸው በፊት ብቻውን ግማሽ ሰአት፣ አንድ ሰአት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈላል፣ ረጅም ሙቀት አኮኒቲን የሚባለውን መርዙን ሰብሮ ወደ ደካማ ነገር ስለሚቀይረው። ቸኩሎ ያወረደ ሰው ሊሞት ይችላል። እኛ ተማሪዎች ያለ ሱፐርቫይዘር መሳቢያውን እንኳ አንከፍትም።

ሙቀት ግን ሁሌም ወዳጅ አይደለም፣ እዚህ ጋ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ታሪክ አለ። ሜይ 23 ቀን 1967 ቻይና ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ፕሮጀክት 523 የሚባል ሚስጥራዊ ስራ ጀመረች። ቱ ዩዩ የምትባል ተመራማሪ ከቡድኗ ጋር ወደ 2,000 የሚጠጉ የድሮ አዘገጃጀቶችን ሰብስባ፣ ከወደ 200 ዕፅ 380 አይነት ንጥር አውጥታ አይጥ ላይ ሞከረች። ቺንግ ሃው የሚባለው፣ የኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ፣ አንዴ ይሰራል አንዴ አይሰራም። ከዛ ገ ሆንግ የሚባል ከ1,600 አመት በፊት የነበረ ሰው የጻፈውን መልሳ አነበበች፣ አንድ እፍኝ ቺንግ ሃው በውሃ ነክረህ ጨምቀህ ጭማቂውን ጠጣ ይላል። አፍላ አይልም! ሙቀቱ ነው መድኃኒቱን የሚገድለው ብላ አሰበች፣ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር (ቶሎ በሚተን ፈሳሽ ኬሚካል) አወጣችው፣ በ1971 ናሙና ቁጥር 191 የአይጦቹን ወባ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በታካሚዎች ላይ ከመሞከሩ በፊት እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ወሰዱት። በ2015 ኖቤል ተሸለመች። አገራችን ከ2004 ጀምሮ ለወባ የምትሰጠው ኮአርተም፣ ስንቱን ከጋምቤላ እስከ መተማ ከሞት የመለሰው፣ መሰረቱ ይሄ ነው።

ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ ሰምቶ "አየህ ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት ነው" ይላል፣ እኔ ደሞ ልቤ የሚደማው እዛ ላይ ነው። የአለም ጤና ድርጅት ቅጠሉን በሻይ መልክ ለወባ መውሰድን አይደግፍም፣ መጠኑ ያነሰና የማይታወቅ ስለሆነ ሰውየውን አያድነውም፣ ጥገኛ ተህዋሲያኑንም መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። ቱ ዩዩ ያደረገችው መጽሐፉን ማመን ብቻ አይደለም፣ መጽሐፉን መፈተን ነው። እኔ የምማራቸው አብዛኞቹ ፎርሙላዎች እንደዛ ባለ ጥብቅ ጥናት ገና አልተፈተኑም፣ ይሄን ለታካሚ በግልጽ መናገር አለብን ብዬ አምናለሁ፣ ሙያውን ስለምወደው ነው እንደዚህ የምለው።

የመጨረሻው ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚፈጠረው ነገር ነው። "መድኃኒት ትወስዳላችሁ?" ስንል ብዙ ሰው አይ ይላል፣ የዘወትር ክኒኑን መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውማ። ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ዳን ሸን ወይም ዳንግ ጉዪ የሚባሉት ዕፆች ቢጨመሩበት ደም መፍሰስ ሊመጣበት ይችላል። ጋን ፃው፣ ያ ሁሉም ፎርሙላ ውስጥ ማለት ይቻላል የሚገባው ጣፋጭ ሥር፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል፣ ውሃ የሚያሸና የግፊት ክኒን ለሚወስድ ሰው ደሞ ይብሳል። "ለደም ግፊት ስሙን ላክልኝ" ላላችሁኝ ሰዎች ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

እና የተማሪ ክሊኒክ መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ ቀነስ ያለ ነው፣ ጊዜ ግን ይወስዳል፣ ታገሱን። የምትወስዱትን ክኒን በሙሉ፣ ቫይታሚኑንም ከአገር ቤት የተላከላችሁንም ዱቄት ጭምር፣ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡት። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ልትሆኑ የምትችሉ ከሆነ ሳንጠይቃችሁ ንገሩን። ሐኪም ያዘዘላችሁን በራሳችሁ አታቁሙ። ስትወጡም በፎርሙላው ውስጥ ያሉትን ዕፆች ከነላቲን ስማቸውና ከነግራማቸው ጻፉልኝ በሉ፣ ልንጽፍላችሁ ይገባል፣ ያን ወረቀት ለቤተሰብ ሀኪማችሁ አሳዩት፣ ለጎረቤት ግን አታውሱት።